ጋራዥ ልግባ ለሚል ልጅ ምን ይመለስለታል?

አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ «ከእንግዲህ ሙያ ልልመድ» ሲል ቤት ውስጥ የሚነሣው ጭቅጭቅ ከሰፈር ሰፈር ብዙም አይለያይም። እናት ታለቅሳለች። አባት «የእኔ አለመማር አንሶ ነው?» ይላል። ውጭ አገር ያለችው አክስት ደውላ ትቆጣለች። ልጁ የትኛውን ሙያ እንደሚወድ፣ የሚያስተምረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበትና ሲጨርስ በእጁ ምን ይዞ እንደሚወጣ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ክርክሩ ሁሉ መማር ወይስ አለመማር በሚል ይጀመርና እዚያው ያልቃል። የልጁ ዕጣ የሚወሰነው ግን ማንም ባልጠየቃቸው በእነዚያ ጥያቄዎች ነው።

ቤተሰብ «ዝም ብለህ ተማር» ሲል የሚያሳየው መንገድ ራሱ ምን ያህል ሰው እንደሚያሻግር በግልጽ መታወቅ አለበት። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014ቱ ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ሪሚዲያል በሚባለው የማካካሻ ትምህርት በኩል ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ያም ሆኖ ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙ ከመስመሩ በታች በሚቀሩበት አገር ለአንድ ልጅ አንድ በር ብቻ ማሳየት ጭካኔ አለበት።

ይሁንና ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉም ሙያ ይግባ» ማለት ሌላ ስሕተት ነው። የሙያ ሥልጠና በአገራችን የተጎዳው ለወደቀ ሰው መጠለያ ተደርጎ በመያዙ ነውና። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪውን በ10ኛ ክፍል ፈተና ለየው፤ ነጥብ ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሄደ። 10+1፣ 10+2፣ 10+3 እየተባለ የተቀጠለው ሥልጠና በወረቀት ላይ የኢንዱስትሪ ባለሙያ ማፍሪያ ነበር። በሰፈር አፍ ግን «ቴክኒክ ገባ» ማለት ወደቀ ማለት ሆኖ ቀረ። የ10ኛ ክፍል ፈተና ከቀረ በኋላም ይህ አነጋገር አልጠፋም። አንድን ልጅ ለብየዳ መድቦ ምድቡን የውድቀት ማስታወቂያ ካደረጉበት በኋላ በሙያህ ኩራ ማለት አይሠራም።

ፊሊፕ ፎስተር የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ጋና የጻፈው እዚህ ላይ ይጠቅማል። መንግሥታት ወጣቱ ቢሮ ወዳድ የሆነው ትምህርት ቤቱ ቀለም ብቻ ስለሚያስተምር ነው ብለው የሙያ ትምህርት ቤት ይከፍታሉ። ፎስተር ግን ወጣቱ የሚያየው ደመወዙን ነው አለ። የተሻለ የሚከፍለው የቢሮ ሥራ እስከሆነ ድረስ ቀለሙን የሚመርጠው አስቦበት ነው፤ ሥርዓተ ትምህርት ቢቀየር ይህ ስሌት አይቀየርም። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሐሳብ ቢሆንም ከብዙ የዛሬ ዕቅድ ይልቅ ለልጆች ክብር ያለው ሆኖ አገኘዋለሁ።

ከደመወዙ በስተጀርባ ደግሞ የቆየ ንቀት አለ። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራዋ፣ ቆዳ የሚፍቀው በብዙ የአገራችን ክፍል ቡዳ እየተባሉ መሬት ተነፍገው፣ ጋብቻ ተከልክለው ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ይህን ያህል ሥር የሰደደ ስለነበር በአዋጅ ብቻ የሚነቀል አልሆነም። ዛሬ ሙያተኛን በአደባባይ ቡዳ የሚል እንደ ድሮው ባይበዛም፣ ሽማግሌ የተላከበት አባት የሙሽራውን ሥራ ሲጠይቅ «ብየዳ ይሠራል» የሚለውን መልስ እንዴት እንደሚቀበለው ሁሉም ያውቃል።

ሰው ሳይመርጥ ወደ ሙያ ሲላክ የሚሆነውን ደግሞ ከቤተ እስራኤል ታሪክ መማር ይቻላል። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰለሞን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1984–85 እና በ1991፣ እስራኤል የገቡት ታዳጊዎች አብዛኞቹ ዓሊያት ሃኖዓር በሚባለው ተቋም ሥር ወደሚተዳደሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። ከእነሱም ብዙዎቹ በሙያ ክፍሎች ተመደቡ። ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን የባግሩት ምስክር ወረቀት ሳይዙ የወጡት ጥቂት አልነበሩም፤ ማኅበረሰቡም በኋላ አጥብቆ ተቃወመ። እነዚህ የቀጥቃጮችና የሸክላ ሠሪዎች ልጆች ናቸው፤ ሙያን ከሚንቅ ቤት አልወጡም። የተቃወሙት ሌላ ሰው ችሎታቸውን ገምቶ ጣሪያ ስላበጀላቸው ነው። ስለዚህ ስለ ሙያ ጥቅም የሚጻፍ ማናቸውም ነገር መጀመሪያ መመለስ ያለበት ልጁ መረጠ ወይስ ተመደበ የሚለውን ነው። የምጽፈውም ለመረጠው ልጅ ነው።

የመረጠው ልጅ የሚገባው ብዙ ጊዜ ኮሌጅ ሳይሆን የሰፈር ጋራዥ፣ እንጨት ቤት ወይም ብየዳ ቤት ነው። እዚያ ያለው ሥርዓት ያልተጻፈ ቢሆንም ደረጃው የታወቀ ነው። አዲስ የገባ ልጅ መኪና ያጥባል፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ያቀብላል፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ መለዋወጫ ያመጣል። ቀጥሎ ክሪክ አግብቶ ጎማ መፍታት፣ ዘይት መቀየር፣ የፍሬን ሸራ መቀየር ይፈቀድለታል። ከዚያ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ፣ በመጨረሻም ሞተር ማውረድ ይመጣል። እዚህ የሚገኘውን ትምህርት ማንም ማቃለል የለበትም። ልጁ ብልሽትን በጆሮው መለየት፣ የተናደደ ደንበኛን ማብረድ፣ ዋጋ መቁረጥ፣ «ለነገ ይደርሳል» የተባለን ሥራ አምሽቶም ቢሆን ማድረስ ይማራል። ይህን የሚያስተምር ክፍል አይቼ አላውቅም።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ማስተሩ፣ ማለትም የጋራዡ ዋና ባለሙያ፣ ሙያውን ሙሉ በሙሉ የሚያስተምርበት ምክንያት የለውም። ልጁ በደንብ ከሠለጠነ ነገ እዚያው መንገድ ላይ የራሱን ጋራዥ ከፍቶ ደንበኛ ይወስድበታል። ስለዚህ ዋናው ነገር በሚሠራበት ሰዓት፣ ታይሚንግ ሲገጠም ወይም ቫልቭ ሲስተካከል፣ ልጁ ዕቃ ግዛ ተብሎ ይላካል። ተንኮል ብቻ አይደለም፤ ማስተሩም የሚኖረው በዚሁ ሙያ ነው። በዚህ ላይ ልምምዱ መቼ እንደሚያልቅ የተወሰነ ቀን የለም። ምሳና የትራንስፖርት ብቻ እየተሰጠው፣ የሚሠራው ሥራ ሙሉ ዋጋ እያስከፈለ፣ ለዓመታት «ገና ነህ» እየተባለ የሚቆይ ልጅ አለ። ከዚህም የከፋ አለ። ከጋሞ አካባቢ ሽመና ትማራላችሁ ተብለው ወደ አዲስ አበባ የመጡ ትንንሽ ልጆች ከንጋት እስከ ሌሊት መወርወሪያ ሲወረውሩ መኖራቸው በተደጋጋሚ የተዘገበ ነው። ያ በሙያ ስም የሚፈጸም የልጅ ጉልበት ብዝበዛ ነው፤ ስለ ልምምድ መልካም ስንናገር እነዚያን ልጆች መርሳት አይገባም።

ማስተሩን እንዲያስተምር የሚያደርገው ምንድን ነው? በናይጄሪያ የኢግቦ ነጋዴዎች መልስ አላቸው። ልጁ የተስማሙበትን ዓመት ካገለገለ በኋላ ጌታው መነሻ ገንዘብ ወይም ዕቃ ሰጥቶ ያቋቁመዋል፤ ስንት ልጅ እንዳቋቋመ ደግሞ የጌታው ክብር መለኪያ ነው። ከቢያፍራ ጦርነት በኋላ ባዶ እጃቸውን የቀሩ ብዙ ቤተሰቦች በዚህ ሥርዓት እንደተነሡ ይነገራል። የሚያስገድደው ሕግ ሳይሆን የማኅበረሰቡ ዓይን ነው። ጌታው ዓመቱ ሊሞላ ሲል በሌብነት ሰበብ ልጁን ሲያባርር ግን ያ ዓይን ሁልጊዜ አያድነውም።

የእኛ ሕግ በበኩሉ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተሻለ ነገር ይዟል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሙያ ለመልመድ ስለሚገባ ውል ራሱን የቻለ ድንጋጌ አለው። ውሉ በጽሑፍ መሆን፣ የሥልጠናውን ዓይነትና ርዝመት፣ በልምምድ ጊዜ የሚከፈለውን መናገር አለበት፤ ሲያልቅም አሠሪው ምን እንዳሠለጠነውና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሌሊትና በትርፍ ሰዓት አይሠራም። ይህ ሁሉ ተጽፏል። የሰፈር ጋራዥ ግን ይህን ውል አያውቀውም፤ ልጁን ይዞ የመጣው አጎትም አያውቀውም። ትልቁ ክፍተት ይህ ይመስለኛል፤ ለመሙላት አዲስ ተቋም መገንባት አያሻም።

ወረቀቱ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ሊቪያ አልፎንሲና ባልደረቦቿ በኡጋንዳ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ከፍለው ገሚሱን ሙያ ማሠልጠኛ ተቋም አስገቡ፣ ገሚሱን ድርጅት ውስጥ ሥራ ላይ እንዲለምዱ አደረጉ። ሁለቱም ወገን ሙያ ለመደ። በድርጅት የለመዱት ቶሎ ሥራ ቢጀምሩም ዓመታት ሲያልፉ የተሻለ የሆነው ተቋም የገቡት ወጣቶች ኑሮ ነው። ሌላ ቀጣሪ የሚያምነው ማረጋገጫ ስለያዙ ከሥራ ቢወጡ ሌላ ያገኛሉ። የድርጅቶቹ ልጆች ዕውቀት ግን ያስተማራቸው ሰው ብቻ የሚመሰክርላቸው ነበር። በአዲስ አበባም ግሩም አበበና ባልደረቦቹ ወጣቶች ችሎታቸው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት እንዲያገኙና ሥራ ማመልከት እንዲማሩ አድርገው፣ ከአራት ዓመት በኋላ የእነዚያ ወጣቶች ገቢ ከሌሎቹ በልጦ አገኙት። ሥልጠናው የቀናት ነበር።

ለጋራዥ ልጅ ይህ ማረጋገጫ በአገራችን አለ፤ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ነው። ጥሩ ጎኑ ሰውየው ከየት እንደተማረ አለመጠየቁ ነው። ከኮሌጅም ይምጣ ከሶማሌ ተራ፣ የሚፈተነው መሥራት ይችል እንደሆነ ነው። ሆኖም ተመዛኞቹ በብዛት የኮሌጅ ሠልጣኞች ናቸው። በእጁ ሞተር የሚያወርድ ልጅ በጽሑፍ ፈተናው ላይ ባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ይሸማቀቃል፤ ጉዳዩን የነገረውም የለም። የኮሌጁ ሠልጣኝ ደግሞ የተቃራኒው ችግር አለበት። የትብብር ሥልጠና በተባለው አሠራር 70 በመቶ ጊዜውን በድርጅት ውስጥ በተግባር ማሳለፍ ነበረበት። ብዙ ድርጅት ግን ማሽኑ እንዳይበላሽበት ስለሚፈራ ተላማጁን መጥረጊያ ያስይዘዋል ወይም አጠገቡ አያስጠጋውም። ስለዚህ አንዱ ልጅ ወረቀት ይዞ ሞተር ሳይነካ ይቀራል፣ ሌላው ሞተር እየሠራ ወረቀት የለውም። ሁለቱ ልጆች በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ የሚያገናኛቸው ግን የለም።

እስካሁን ያልኩት ለሙያ ያደላ ነው። የሙያን መንገድ የሚመርጥ ወላጅም ሆነ ልጅ ሊሰማው የሚገባ ከባድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ኤሪክ ሃኑሼክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት የ11 አገሮች ጥናት፣ ሙያ የተማረ ሰው በወጣትነቱ ቀለም ከተማረው በፍጥነት ሥራ ይይዛል፤ ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ግን ሥራ አጥ የመሆን ዕድሉ ይበልጣል። ሥራው ሲለወጥ አብሮ ለመለወጥ የሚያስችለው ሰፊ መሠረት ያንሰዋል። ልዩነቱ የጎላው ደግሞ ልምምድ በተስፋፋባቸው በጀርመን፣ በዴንማርክና በስዊዘርላንድ ነበር።

ይህን ለመረዳት ጀርመን መሄድ አያስፈልግም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪኖች አዲስ አበባን ከሞሏት ወዲህ የጋራዡ ዕውቀት ግማሹ ቀስ በቀስ ገበያ እያጣ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ካርቡሬተር የለውም፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ የሞተር ዘይትም የለውም። በአንጻሩ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚይዝ ባትሪ አለው፤ እንደ ድሮው በእጅ ሞክሮ ማወቅ እዚያ ላይ ይገድላል። ብልሽቱ የሚነበበው ከኮምፒውተር ነው፤ ጽሑፉም አንዳንዴ ቻይንኛ ነው። አሮጌዎቹ የነዳጅ መኪኖች ለብዙ ዓመት መንገድ ላይ ስለሚቆዩ የዛሬው መካኒክ ነገ ጠዋት ሥራ አያጣም። ዛሬ 16 ዓመት የሆነው ልጅ ግን ሠላሳ አምስት ሲሞላው የሚጠግነው መኪና የትኛው ነው? ማስተሩ የሚያስተምረው ማስተሩ የሚያውቀውን ነው። ስለ ኤሌክትሪክ ጅረት፣ ስለ ቮልት፣ ስለ ተቃውሞ የሚናገረው የፊዚክስ ደብተር ለዚህ ልጅ የሥራ ዕቃው ሆኗል። አሥረኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ጥሎ ጋራዥ የገባው ልጅ የተሳሳተው ጋራዥ በመግባቱ ሳይሆን ደብተሩን በመጣሉ ነው።

የተሻለ የሠሩት አገሮች ሁለቱን ያጣመሩት ለዚህ ነው። በጀርመን፣ የእኛ ልጆች እዚያ አውስቢልዱንግ እያሉ በሚጠሩት ሥርዓት፣ ተላማጁ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ድርጅት ውስጥ፣ ቀሪውን የሙያ ትምህርት ቤት ይውላል። ከ300 በላይ ዕውቅና ያላቸው ሙያዎች አሉ፤ ሥልጠናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ በየወሩ ይከፈላል። የሚፈትነው አሠሪው ብቻውን አይደለም፤ የንግድና ኢንዱስትሪ ወይም የዕደ ጥበብ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ሙያውን የደበቀ ማስተር ልጁ ሲወድቅ ይጋለጣል። ወደ ጀርመን ተሰደው በነርሲንግ፣ በአረጋውያን እንክብካቤ ወይም በኤሌክትሪክ ሥራ ይህን መንገድ የጀመሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወጣቶች አሉ። ለብዙዎቹ የሚከብደው ወርክሾፑ ሳይሆን በጀርመንኛ የሚጻፈው ፈተና ነው። ሥርዓቱ የራሱ እንከን አለበት፤ በአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር ልጆች ገና በአሥር ዓመታቸው ወደተለያየ ትምህርት ቤት ይከፈላሉ፤ በዚያ ዕድሜ የሚለየው ደግሞ ከልጁ ይልቅ የወላጁ ኑሮ ነው።

ስዊዘርላንድ አንድ እርምጃ ትቀድማለች። ከወጣቶቿ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚጀምሩት በሙያ ልምምድ ሲሆን፣ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በልምምዱ ላይ ተጨማሪ ትምህርት ወስዶ የተፈተነ ልጅ ወደ ተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የታላቁ ባንክ የዩቢኤስ ሥራ አስፈጻሚ ሰርጂዮ ኤርሞቲ በአሥራዎቹ ዕድሜው ሉጋኖ ከተማ ባንክ ውስጥ ተላማጅ ሆኖ የጀመረ ሰው ነው። እዚያ ልምምድ ስለማያሳፍር የባለጸጋም ልጅ ይገባበታል፤ የባለጸጋ ልጅ ስለሚገባበትም አያሳፍርም። በእኛ አገር የደረጃ 4 ሠልጣኝ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት በር በየጊዜው በሚለዋወጥ መመሪያ ሲሰፋና ሲጠብ ቆይቷል። በሩ በግልጽ ተከፍቶ ቢጸና ብዙ አባት ጭንቀቱ ይቀልለት ነበር።

ስለ ሴት ልጆች ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ሙያ ልልመድ ያለች ልጅ ያለ ብዙ ጥያቄ ወደ ፀጉር ሥራ፣ ወደ ልብስ ስፌት ወይም ወደ ምግብ ዝግጅት ትመራለች። በካምፓላ በተደረገ የዓለም ባንክ ጥናት ግን የወንድ ወደሚባሉ ሙያዎች፣ እንደ ብረታ ብረትና መካኒክነት ወዳሉት፣ የተሻገሩ ሴት ባለሥራዎች በሴት ሙያ ከቀሩት ሦስት እጥፍ ያህል አትርፈዋል፤ ወንዶቹንም ደርሰውባቸዋል። ከተሻገሩት ብዙዎቹ ደግሞ እጃቸውን ይዞ ያስገባቸው ወንድ ዘመድ ወይም ጓደኛ ነበራቸው። በሴት ሙያ የቀሩት ልዩነቱ ይህን ያህል መሆኑን እንኳ አያውቁም ነበር። እዚህ ያለ የብየዳ ቤት ባለቤት የራሱን ሴት ልጅ ወይም የእኅቱን ልጅ መነጽር አጥልቆላት ቢያስጀምር፣ ከብዙ ዘመቻ የበለጠ ይሠራል። ልጅቷ በወንዶች መሀል ብቻዋን ስትሆን የሚደርስባትን ትንኮሳ ግን ማንም ማለባበስ የለበትም፤ ወላጅ ከማስገባቱ በፊት ቦታውን በዓይኑ ማየት አለበት።

ስለዚህ ጋራዥ ልግባ ላለው ልጅ የምመልሰው ግባ የሚል ነው፤ ራሱ ከመረጠ፣ ማስተሩ ከታወቀ፣ ትምህርቱም ካልተቋረጠ። የማታ ትምህርት በብዙ ከተሞች አለ። የደከመ ልጅ ማታ ተቀምጦ መማር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህም ጋራዡ ቅዳሜ ከሰዓትንና በፈተና ሰሞን ጥቂት ቀናትን እንዲለቅለት አስቀድሞ መስማማት ያሻል። አባት ከመቆጣቱ በፊት አንድ ጠዋት ጋራዡ ድረስ ሄዶ ከማስተሩ ጋር ሻይ ይጠጣ። ከዚህ በፊት የሠለጠኑት ልጆች አሁን የት እንዳሉ ይጠይቅ። የኤሌክትሪክ መኪና እዚያ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቅ። ከዚያ ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ምን፣ በሁለተኛው ምን እንደሚማር፣ ስንት እንደሚከፈለውና በየትኛው ወር ለሲኦሲ ምዘና እንደሚቀርብ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሦስቱም፣ አባት፣ ልጅና ማስተር፣ ይፈርሙበት።